ቀይ በሬ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ

እኛ የዋግ ሰዎች ፊት ለፊት መጠየቅ አይሆንልንም። አንዱ ጎረቤቱ ዘንድ ጨው ሊበደር ቢሄድ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ያነሳል፤ ቀጥሎ ስለ ማሽላው፣ ቀጥሎ ስለ ፍየሎቹ ጤንነት ይጠይቃል፤ ከዚያ «በሉ ደኅና ዋሉ» ብሎ ይነሳና ደጃፉ ላይ ሲደርስ ድንገት ትዝ እንዳለው ሁሉ ዞር ብሎ «ለመሆኑ ትንሽ ጨው አይጠፋም?» ይላል። ባለቤቲቱም ገና ዝናቡ ሲነሳ ጨው እንዳለቀበት አውቃለች፤ ግን እሷም አትቸኩልም። ሌላው አገር «ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እያለ ይተርታል፤ እኛ ጠጁ ባይኖርም ምሳሌውን አንተውም። የከተማ ልጆች ይህን ጊዜ ማባከን ይሉታል። እናንተም እንደዚያ የምትሉ ከሆነ አልቀየማችሁም፤ ጨው አልቆባችሁ አያውቅም ማለት ነው።

ለጨው እንዲህ ከዞርን፣ ልጅ ለመዳር ምን ያህል እንደምንዞር እናንተው ገምቱ። ሽማግሌ ተልኮ «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲባል የልጅቷ ወገን «እስቲ እንመካከር» ይላል። ምክክሩ ሰበብ ነው፤ እውነቱ ጥናት ነው። የልጁ ዘር ማን እንደሆነ፣ ቤቱ እንዴት ውሎ እንደሚያድር፣ አባቱ ሚስቱን በምን ድምፅ እንደሚጠራ ይጠናል። ታዲያ የሰው ደጅ ሄዶ «ሚስትህን በምን ድምፅ ነው የምትጠራት?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ስለዚህ ከብት ይጠፋል።

በዚህ ሥራ የእናቴን ወንድም አያ ኪዳኑን የሚወዳደር የለም። ጋዝጊብላ ውስጥ የሚያርሱ፣ በኽምጣኛ አፋቸውን የፈቱ፣ አማርኛን ደግሞ እንደ ክት ልብስ ለክብር ጊዜ የሚያወጡ ሽማግሌ ናቸው። ከቤተ ዘመዱ ሴት ልጅ በተጠየቀች ቁጥር ዱላቸውን ይዘው ወደ ልጁ ቀዬ ይወርዱና «ቀይ በሬ ጠፍቶብኝ ነው፤ ሻኛው ትልቅ፣ አንድ ቀንዱ ወደ ታች የጎበጠ፤ አላያችሁም?» እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። እንዲህ ያለ በሬ ኖሯቸው አያውቅም። ቢሆንም ደሃና ጠፍቷል፣ ዝቋላ ጠፍቷል፣ አንዴማ ሰቆጣ መሐል ገበያ ላይ ጠፍቷል። «አላየንም» ብሎ በሩን የዘጋ ቤት ልጅ አያገኝም። «መጀመሪያ ግቡ፣ አረፍ በሉ» ያለ ቤት ፈተናውን አጋምሷል። ጎረቤቶቹ ስለዚያ ቤት ሲነሳ ፈገግ ካሉ ደግሞ አበቃ፣ ልጅቷ ተሰጠች። አያ ኪዳኑ በዚህ መንገድ የዳሯቸው ልጆች ትዳራቸው ጸንቷል፤ አንዷ ብቻ ተፋታለች፣ እሷም ብትሆን በሬው የጠፋው በጾም ቀን ስለነበር የቤቱ እጅ ሳይታይ ቀርቶ ነው ይላሉ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የእህቴ ልጅ ወለላ ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ መጋዘን ሒሳብ ትሠራለች። እዚያ ሳለች ዳዊት ከሚባል ልጅ ጋር ተዋደዱ፤ ጅቡቲ ተወልዶ ያደገ፣ ወደብ ላይ ክሬን የሚያንቀሳቅስ፣ ለሥራ ድሬ የሚመላለስ ልጅ ነው። ሽማግሌ ላከ። የወለላ አባት በሕይወት ስለሌለ ቃሉ ያለው አያ ኪዳኑ እጅ ነው። ወለላ ሰቆጣ ደወለችልኝ። «አጎቴ፣ እኔ ሌላ ሰው አላገባም። ያለ እሳቸው ምርቃት ግን እሱንም አላገባም። አደራ» አለችና ስልኩን ዘጋችው። እንግዲህ የዚህን ቋጠሮ ጫፍ እንዲይዝ የተመረጠው፣ ደብተርና እስክሪብቶ በመሸጥ የሚተዳደረው እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። የዳዊት አባት አቶ ምስጋናው ትውልዳቸው ደሃና ነው፤ በልጅነታቸው ከአገር ወጥተው እዚያው ጅቡቲ ቀርተዋል። አያ ኪዳኑ የደሃና ከተማ ወደሆነችው አምደወርቅ ወርደው እንደ ልማዳቸው በሬውን አጠፉ፤ ዘሩ ተጠየቀ፣ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ተገላገልን አልኩ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አገርህ የት ነው?» ቢሉት «ገና ምሽት አላገባሁም» አለ የሚባለውን ተርተውልኝ፣ ዘሩ ደሃና ቢሆንም ልጅቷ የምትኖረው ቤት ጅቡቲ መሆኑን አስረዱኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ ባሕር ሲያይ የኖረ ሰው ደግሞ የአገሩን ወግ እንዴት ያስታውሰዋል? ስለዚህ በሬው ጅቡቲ ይጠፋል ተባለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ በሆዴ ተረትኩ፤ በአፌ ግን እሺ ነው ያልኩት።

ከሰቆጣ ወልድያ፣ ከወልድያ ሚሌ፣ ከሚሌ ጋላፊ፤ መንገዱን አልተርክላችሁም። ሙቀቱ እየባሰ ሲሄድ አያ ኪዳኑ «ጋቢዎን ያውልቁ» ባላቸው ተሳፋሪ ሁሉ ላይ ተኮሳትረዋል ብል ይበቃል፤ ሰው አገር ትከሻን አራቁቶ አይገባም ባይ ናቸው። የዳዊት ቤተሰብ «እኛ ዘንድ እረፉ» ብለው ለምነው ነበር። አያ ኪዳኑ በጭራሽ አሉ፤ የሚያጠኑትን ሰው እንጀራ እየበሉ ማጥናት አይቻልም፣ እንጀራው አፍ ይይዛል። የምንገባበትን ቀን እንኳ አልነገርናቸውም። ማረፊያ በስልክ የያዘችልን ወለላ ናት።

ችግሩ የተነሳው እዚያ ስንደርስ ነው። ጋዝጊብላ ላይ በሬ ለመፈለግ ዱላና እግር ይበቃል፤ በማያውቁት ከተማ ግን ከየት ይጀመራል? የማረፊያውን ሰዎች ባማክር «የግል አስጎብኚ አለ፣ በመኪናው ከተማውን በሙሉ ያሳያችኋል» አሉኝ። አስጎብኚ ማለት በማንኛውም ደጅ ያለ ሰበብ መቆም የሚችል ሰው መሆኑን አያ ኪዳኑ ሲረዱ በጣም ደስ አላቸው። እኛ አገር ይህ ሥራ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ዘመን በእግሬ አልንከራተትም ነበር አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት አስጎብኚው መጣ። ጀማል ይባላል፤ ድሬዳዋ ያደገ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ እንደ ድሬ ልጅ አንቱታ የማይሆንለት፣ ግን «አባባ» ሲል ከአንቱታ በላይ የሚያከብር ሰው ነው። የመኪናው ማቀዝቀዣ የሰቆጣን የጥቅምት ንጋት ያህል ይቀዘቅዛል። አያ ኪዳኑ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ወደ እኔ ዞር አሉ። «ጋቢውን ባወልቀው ኖሮስ?» ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል።

መጀመሪያ ወደ ባሕሩ ወሰደን። እውነቱን ለመናገር እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ዝናብ ትንሽ በዘገየ ቁጥር ሰማይ ሰማይ ሲያይ ለኖረ ሰው ያን ያህል ውሃ ባንድ ቦታ ተኝቶ ማየት ቀላል አይደለም። አያ ኪዳኑ ጎንበስ ብለው በእፍኛቸው ዘገኑ፣ ቀመሱ፣ ተፉት። ጀማል ጨው እንደሆነ ሊያስረዳቸው ሲጀምር «ገብቶኛል፤ ይህን ያህል ሆኖ ለአንዲት አገዳ ማሽላ የማይበቃ» ብለው ጀርባቸውን ሰጡት። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ በአንዱ መስኮት ሲታይ እሳቸው በሌላው ነበር የሚያዩት። የተቀየሙት ይመስለኛል።

ጀማል ወደቡን በሩቁ አሳየን፤ ረጃጅሞቹን ክሬኖች፣ በረንዳቸው ቅስት ቅስት የሆነውን ነጫጭ የድሮ ቤቶች አሳየን፤ ለእያንዳንዱም ጨዋታ አለው። የአያ ኪዳኑ ዓይን ግን በመንገዱ ዳር በሚሄደው ሰው ላይ ነበር። አንዲት ሴት ጥቅል ተሸክማ በዚያ ንዳድ ስትሄድ ሲያዩ አላስቻላቸውም፤ አቁም አሉ። ጀማል ጉብኝቱ የግል መሆኑን፣ የግል ማለት ደግሞ መሐል ሌላ ሰው የማይገባበት መሆኑን በለዘበ አንደበት አስረዳ። እሳቸው ባዶውን ወንበር በዱላቸው ነካ ነካ አደረጉለት። ገበያ በእግሩ ወጥቶ በእግሩ የሚመለስ የእኛ አገር ሰው፣ ባዶ ወንበር ይዞ እግረኛን ማለፍ ምን ያህል ነውር እንደሆነ ያውቃል፤ መኪና ቶሎ ቶሎ የሚበላሸውም ከእግረኛ እርግማን የተነሳ ነው ይባላል። ሴትዮዋ ገባች። ቀጥሎ የቀን ሠራተኞች ገቡ። ቀጥሎ ዓሣ ያንጠለጠለ ሰውዬ ገባ። እኩለ ቀን ሳይደርስ የግል ጉብኝታችን የወልድያን ሚኒባስ መሰለ፤ የጎደለን ረዳት ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ደግነት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አያ ኪዳኑ የገባውን ሁሉ ከበሬው ጀምረው፣ በአዝመራው በኩል አዙረው፣ በመጨረሻ «ምስጋናው የሚባል የደሃና ሰው ታውቃለህ?» ላይ ያደርሱታል። የሚያውቅ ጠፋ። ያቺ ጥቅል ያላት ሴት የወሎ ልጅ ናት፤ ስለ ሰፈሩ ሲጠይቋት «አባቴ፣ እኔ ከጎኔ ያለውን በር ማን እንደሚከፍተው እንኳ አላውቅም፤ እዚህ ሁሉም ለእንጀራው ነው የሚሮጠው» አለቻቸው። አያ ኪዳኑ ከጋቢው ውስጥ በረጅሙ ተነፈሱ።

ሰዎቹን በየመውረጃቸው አውርደን ቤተሰቡ ይኖርበታል የተባለው ሰፈር ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። አያ ኪዳኑ ወርደው በየበሩ ማንኳኳት ጀመሩ። በዚያ ሰዓት የከተማው ሰው ሁሉ ማራገቢያ ሥር ተኝቷል፤ የሚከፍት የለም። አንድ ባለሱቅ ብቻ ብቅ ብሎ ስለ ቀዩ በሬ በጀማል አስተርጓሚነት ሰማ፣ አያ ኪዳኑን ከእግር እስከ ራስ አየ፣ ከዚያ በነጻ ቀዝቃዛ ውሃ አቀበላቸው። ፀሐይ የመታቸው መስሎት ነው። በሬ ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለውን ተረት በዓይኔ አየሁት። ጀማል ግን አልሳቀም፤ መነጽሩን አስተካከለና «አቦ አባባ፣ የጠፋህ ከብት ከሆነ የት እንዳለ እኔ አውቃለሁ» አለ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፊ በረት አለ፤ ከእኛ አገር የሚመጡ ከብቶች ወደ ባሕር ማዶ እስኪጫኑ ድረስ የሚያርፉበት ነው። በር ላይ ስንደርስ ሽታው የገዛ ደጃችን ሽታ ሆነብኝ። አያ ኪዳኑ ጋቢያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። ጀማል ለጠባቂው የበሬውን መልክ አንድ በአንድ ነገረው። ጠባቂው ገባ፣ ቆየ፣ ከዚያ አንድ በሬ እየሳበ ወጣ። ቀይ ነው። ሻኛው ትልቅ ነው። አንድ ቀንዱ ወደ ታች ጎብጧል።

አያ ኪዳኑን እንደዚያ ተጨንቀው አይቻቸው አላውቅም። ዕድሜ ልካቸውን በየደጁ ሲጠይቁለት የኖሩት በሬ ፊታቸው ቆሞ ያመሰኳል። ጠባቂው ደግሞ ቅን ሰው ነው፤ ማሉና ውሰዱ ይላል። ነው ቢሉ የሰው ከብት መውሰድ ነው፤ አይደለም ቢሉ ከዚህ የበለጠ የሚመስል ከየት ይመጣል? ዞሩት፣ ሻኛውን ዳሰሱት፣ ጥርሱን አዩ። ከዚያ መልኩ እሱን ይመስላል፣ ጠባዩ ግን አይደለም አሉ። ጠባቂው ታዲያ የእርስዎ በሬ ጠባዩ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃቸው።

«አይገኝም» አሉ አያ ኪዳኑ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ አያ ኪዳኑ ቀስ ብለው ፍርዳቸውን ነገሩኝ። ዘሩ ደግ ነው፣ በልጁ ላይ የሰሙት ክፉ ነገር የለም። ነገር ግን ጎረቤት የሌለው ቤት ምስክር የለውም፤ ልጅቷ ብትታመም የሚጠራላት፣ ብትበደል የሚገላግላት ከሌለ እንዴት ብለው ይሰጧታል? «አልሰጥም። ለወለላ አንተው ንገራት» አሉ። ያሉት እውነት ነው፤ ለወለላ የምነግራትን ቃል መፈለግ ጀመርኩ። ያን ያህል ያዘንኩበትን ቀን አላስታውስም። ጀማል በመስታወት አየን። ከዚያ ወደ ማረፊያችን የሚወስደውን መንገድ ትቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ታጠፈ። ወዴት ነው ስለው፣ አንድ የቀረ ቦታ አለ አለኝ።

የቆመው አንድ ሰማያዊ በር ላይ ነው። በሩን ሳያንኳኳ ከፍቶ ገባ። ግቢው ውስጥ ሽርጥ ያገለደሙ ሸበቶ ሰውዬ ምንጣፍ አስነጥፈው ይጠብቁ ነበር። አያ ኪዳኑን ሲያዩ ተነስተው ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ሳሙ። «አያ ኪዳኑ፣ እንኳን ደኅና መጡ። ምስጋናው ነኝ። በሬዎ ተገኘ?» አሉ።

አያ ኪዳኑ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ጀማል አየሁ፤ ጀማል መነጽሩን አወለቀ። «አባባ፣ ሙሉ ቀን ጎረቤት ስትፈልግ ዋልክ። ጎረቤታቸው እኔ ነኝ» አለ። ለካ ወለላ የምንገባበትን ቀን ለቤቱ ነግራ፣ ማረፊያውን ሰፈራቸው አጠገብ ይዛ፣ የማረፊያው ሰዎች ጀማልን እንዲጠሩልን አስማምታ፣ ጀማልም የጎረቤቱ ልጅ ጉዳይ ነው ብሎ የዕለቱን ሥራ ትቶልን ኖሯል። አቶ ምስጋናው እየሳቁ፣ እሳቸውም የደሃና ልጅ መሆናቸውን፣ እህቶቻቸው ሲዳሩ አባታቸው ጊደር ትጠፋባቸው እንደነበር ነገሩን። ይህን ወግ ባሕር አያስረሳውም አሉ።

ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አያ፣ ክረምት ላይ በቅሎ ጠፍታበት እርስዎ ቤት የመጣ ሰውዬ ትዝ ይልዎታል?»

አያ ኪዳኑ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ የነበረው እፍረት ባንዴ ጠፋ። «ዳማዪቱ? ያ ምስኪን። ተገኘችለት እንዴ?» አሉ።

አቶ ምስጋናው አንገታቸውን ደፉ፤ ሲናገሩም ወደ ምንጣፉ ነበር። «ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከአምደወርቅ የላክሁት። በቅሎ የለችም። ተመልሶ ምን እንዳለኝ ልንገርዎት፤ ‹ልጅቷን አላየኋትም፣ ሽማግሌውን ግን አይቻለሁ። አብልቶ አጠጥቶ ሲያበቃ፣ ተው እያልኩት በዝናብ አብሮኝ ገደል ወረደ። ከዚህ ቤት ካልወሰድን ከማን እንወስዳለን?› ነው ያለኝ።»

እኔ ሳቅ መጥቶብኝ ከንፈሬን ነከስኩ። አያ ኪዳኑ ግን አልሳቁም። ሲናደዱ በኽምጣኛ ነው፤ ለብዙ ጊዜ በኽምጣኛ ተናገሩ፤ ትርጉሙን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል፤ ስለ ጭቃው፣ ስለ ገደሉ፣ ከዚያ ወዲህ እንቢ ስላላቸው ጉልበትና ስለዚያ ሰውዬ አባት ነው። ቆም ሲሉም ለእኔ በአማርኛ «በየገበያው ሳስጠይቅለት ከረምኩ እኮ» አሉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ሰውን ሁሉ በዚህ ዘዴ ሲያጠኑ የኖሩ ሰው፣ ዘዴው ደጃቸው ሲመጣ ሊጠረጥሩት እንኳ አለመቻላቸው፣ እኔን ከሳቁ ይልቅ ልቤን ነካኝ። አቶ ምስጋናው ሳይከላከሉ እስኪወጣላቸው ጠበቁ።

በዚህ መሐል የቤቱ እመቤት ምግብ አቀረበች። ለእኛ ዶሮ ወጥ ሆነ። ለጀማል ግን ሌላ ትንሽ ድስት ከመደርደሪያ ወርዳ፣ ጠዋት እሱው ያረደው ሥጋ ተሠርቶባት መጣች። ሰቆጣ ውስጥ ከሙስሊም ጎረቤቱ ጋር ክፉ ደጉን ያሳለፈ ሰው ሁሉ የዚህችን ድስት ትርጉም ያውቃል፤ ለአንድ ቀን እንግዳ አትገዛም። አያ ኪዳኑ ድስቷን አዩ። ቂጧ ጠቁሯል፣ ጆሮዋ ተቀጥሎ ተበይዷል። ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ እጃቸውን ታጠቡና ቆረሱ፤ እኔም ለወለላ የምነግራት ነገር እንደተለወጠ ያኔ ገባኝ።

በልተው ሲጨርሱ ፍርዱን ተናገሩ። «ልጅቷን ሰጥቻለሁ። ግን ያቺ በቅሎ ከጥሎሹ ጋር ትምጣልኝ። ፈልጌያታለሁ፤ ድርሻ አለኝ።»

እንግዲህ ክሬን የሚያንቀሳቅስ ልጅ በቅሎ ከየት እንደሚያመጣ እናንተ አስቡት። ግን አመጣ። ለሠርጉ ጋዝጊብላ ሲመጡ አጎቱ፣ ያው ክረምት ላይ የመጣው ሰውዬ፣ ከአምደወርቅ ገበያ የተገዛች ዳማ በቅሎ ከፊት ከፊት እየሳበ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ ደረሰ። ጀማልም ከጅቡቲ ድረስ መጥቶ ነበር። ወለላ በመስኮት እያየች ሳቋን በነጠላዋ ትይዛለች። እልልታው ጋብ አለና ሰው ሁሉ አያ ኪዳኑን መጠበቅ ያዘ።

አያ ኪዳኑ ቀስ ብለው ቀረቡ። በቅሎዋን ዞሯት፣ ጥርሷን አዩ፣ እግሯን አንድ በአንድ አነሱ፣ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ልጓሙን ከሰውዬው እጅ ተቀበሉና፣ አዝነው፣ በዝግታ፦

«ደኅና ናት፤ አትከፋም። ያቺኛዋ ግን ትሻል ነበር» አሉ።